የቦራ ሞራ

ቦራ የወደቀው ግንቦት ሊጋመስ ሲል ነው። ከጉድጓዱ ውሃ ጠጥቶ ሲመለስ የፊት እግሮቹ ታጠፉና በአፍንጫው አፈሩን ነክቶ ቀረ። ባሌ እንድሪስ ቢላዋውን ከወገቡ መዞ ሮጠ። ነፍሱ ሳትወጣ ካልታረደ በክት ነው፤ በክት ደግሞ የቱንም ያህል ብንራብ እኛ ሙስሊሞቹ አንነካም። «ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር!» ብሎ ቢላዋውን ሲያሳርፍ የቦራ ዓይን ገና ይርገበገብ ነበር። ደረሰለት። ሁላችንም «አልሀምዱሊላህ» አልን። በሬያችን ሞቶ ያመሰገንነው በክት ስላልሆነብን ነው፤ እንዲህ ያለ ዘመን ነበር።

ደሙ ጥቁር ነበር፤ አልረጋም አለ። አንዱ «ሳር ሳይበላ ደሙ ከየት ይቀላል?» አለ፤ ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያን ዓመት፣ ስልሳ አምስትን ማለቴ ነው፣ የወደቀ ሁሉ በረሃብ ወደቀ ይባል ነበር። ግመል ቢወድቅ ረሃብ፣ ሽማግሌ ቢወድቅ ረሃብ። ሌላው በሽታ ሁሉ ራያን ለቆ የተሰደደ ይመስል ስሙን የሚያነሳው ሰው ጠፋ። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ረሃቡ ብቻውን አልመጣም፤ ሌሎቹን ሁሉ ከኋላው ደብቆ ነው የመጣው።

ቦራ ተገፍፎ ሆዱ ሲከፈት ሰው ሁሉ የሚያየው አባ ታሂርን ነበር። አባ ታሂር የሰፈራችን ሞራ ገላጭ ናቸው። ሞራ ማለት የከብት ጨጓራ ላይ የሚዘረጋው ስስ ስብ ነው፤ እሳቸው በላዩ ላይ ያሉትን ሥሮች ተከትለው ዝናቡን፣ ጦርነቱን፣ የሚመጣውን ሁሉ ያነባሉ ይባላል። ሼሆቻችን ይህን ነገር አይወዱትም። ዝናብ በጠፋ ጊዜ ግን ሼሆቹም ራቅ ብለው ቆመው ጆሯቸውን ያቆማሉ።

የቦራ ሞራ ስብ የሚባል አልነበረውም፤ ፀሐይ ያሳልፍ ነበር። አባ ታሂር በሁለት እጃቸው አንስተው ወደ ሰማይ ሲዘረጉት አንድ ያበጠ፣ የጠቆረ ጣፊያ አብሮ ተንጠልጥሎ መጣ። አስቸገራቸውና በአውራ ጣታቸው ገፋ አድርገው ወደ ጎን ጣሉት። እኔ የእጅ ውሃ በቅል ይዤ ከሴቶቹ ጋር ቆሜ ስለነበር አይቼዋለሁ። ትልቅነቱ ገረመኝ። ግን እንደ ሰዉ ሁሉ የእኔም ዓይን ወደ ሞራው ተመለሰ፤ ዝናብ ነበር የምንፈልገው።

«በሐምሌ ይገባል» አሉ አባ ታሂር። «የሚገባውም ሲበቃን ነው። ዘራችሁን አትብሉ፣ በሬያችሁን አትሽጡ!»

ሴቶቹ እልል አልን። ከጥግ ቆሞ ያዳምጥ የነበረው ጎረቤታችን ካሳው እንኳ ሻሹን ከራሱ አውርዶ አማተበ። ካሳው ክርስቲያን ነው፤ የእኛን እርድ አይበላም፣ እኛም የእነሱን አንበላም፤ በዚህ ማንም ተቀያይሞ አያውቅም። የመጣው ለሥጋው ሳይሆን ለሞራው ነበር። የእሱ ቤት የቀረው መጋል የሚባል አንድ በሬ ነው፤ የእኛም ቤት ከቦራ በኋላ የቀረው በሬ ዳልቻ ብቻ ነው። እዚያው የቦራ ቆዳ አጠገብ ቆመው እንድሪስና ካሳው መቀናጆ ተዋዋሉ። መጋልና ዳልቻ አንድ ቀንበር ሊገቡ፣ አንድ ቀን የእኛን ማሳ፣ አንድ ቀን የእነሱን ሊያርሱ። እጅ ለእጅ ተመታቱ።

ከዚያ እንድሪስ ትኩሱን ቆዳ አንገቱ ላይ ጥሎ ወደ ቤት ተሸከመው። አንገቱ ያን ቀን ጠዋት ተቧጭሮ ነበር። ለበሬዎቹ ቁልቋል ሊቆርጥ ሄዶ እሾህ ከአገጩ ሥር ጭሮታል። ቁልቋሉን በእሳት ለብልበን እሾሁን እያራገፍን ነበር ከብቶቹን የምናቆያቸው፤ ሌላ መኖ አልነበረም። ለቦራ ብሎ የተጫረው አንገት ላይ የቦራ ቆዳ አረፈበት። ያኔ ይህን ማን አስተዋለ?

ሥጋውን ሙስሊሞቹ ቤቶች ተከፋፈልነው። ከስቶ ስለነበር ጅማቱ እስኪፈታ ቀኑን ሙሉ ቀቀልነው። ያ ሳይሆን አይቀርም ያተረፈን። ከታችኛው ሰፈር ሁለት ሰዎች በተቅማጥ ሞቱ፤ ከሥጋው ይሁን ከረሃቡ የሚለይ አልነበረም፤ የጠየቀም የለም።

እንድሪስን መጀመሪያ ያሳከከው ነበር። «መዥገር ሳይሆን አይቀርም» እያለ አገጩ ሥር ይፈትግ ጀመር። በማግስቱ ውሃ ቋጠረ። ከዚያ ውሃው ፈረጠና መሃሉ ከሰል መሰለ፤ ጥቁር፣ ደረቅ ቅርፊት። ዙሪያው አበጠ። የሚገርመው ደግሞ አያመውም።

«ታዪኛለሽ ሀጀራ?» ይለኝ ነበር በጣቱ ቅርፊቱን እየነካካ። «ቁስሉም ተርቦ ማመም አቃተው።»

እኔም እስቅ ነበር። እንድሪስ ሰው የሚያስቅ ሰው ነበር፤ ያገባሁትም በዚያ ነው፤ ሌላ ሀብት አልነበረውም። ነገሩ ካላመመው ቀላል መሰለን። የሚያም ቁስል ቢሆን ኖሮ በሁለተኛው ቀን ወደ መርፌ ወጊ እንወስደው ነበር።

እብጠቱ ወደ ጉንጩ ሲወጣና ወደ ደረቱ ሲወርድ የሰፈሩ ሴቶች መጥተው «ሽታ ነው የመታው» አሉ። ቁስል ያለበት ሰው ሽታ ሲያልፍበት ይብስበታል ይባላል። በሩን ዘጋንበት። ጤና አዳም አፍንጫው ላይ አሰርንለት። ከውጭ የመጣ ሰው እንዳይገባ ደጃፉ ላይ ቅጠል ጣልን። ውስጡ ይፍም ነበር፤ ግንቦት በራያ ቆላ በሩ ተዘግቶበት የተኛ ሰው አስቡት። ሁለት ቀን እንዲያ ተቀመጠ። አንገቱና ትከሻው አንድ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ውሃ ሰጥቼው በአፍንጫው ተመለሰ።

ያኔ ሳቄ ሁሉ ጠፋ። «ዳልቻን እንሽጥና ቆቦ እንውሰድህ» አልኩት። «መርፌ የሚወጋ አለ።»

እንድሪስ እጁን አወዛወዘ። ድምፁ ቀጥኖ ነበር። «አይሆንም።»

«ለምን አይሆንም? ልትሞትብኝ ነው እኮ!»

«ዝናብ ሊገባ ነው ተብሏል። ዳልቻ ከሌለ በምን እናርሳለን? ሰይዳ ምን ትበላለች?»

ሰይዳ ልጃችን ናት፤ ገና ጡት መተዋ ነበር።

«ደሞ ዳልቻ የእኔ ብቻ አይደለም» አለ። «ለካሳው ቃል ሰጥቻለሁ። ግማሹ የእሱ ነው። እንዳትነግሪው፤ ከሰማ እሺ ይላል። እሺ ካለ ልጆቹን ገደልኳቸው ማለት ነው።»

ሌላ ሴት ብትሆን ባሏ አትንገሪ ያላትን ትደብቅ ይሆናል። እኔ በሩን ከፍቼ ጤና አዳሙን ከአፍንጫው ላይ አንስቼ ወረወርኩና ወደ ካሳው ቤት ሄድኩ።

ካሳው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ቀንበር ይጠርብ ነበር። አዲስ ቀንበር ነው፤ ለመጋልና ለዳልቻ። ሚስቱ ታንጉት ከውስጥ ወጣች፣ ልጆቿም ተከተሏት፤ ሆዳቸው ወጥቶ እግራቸው ቀጥኗል። እነሱን እያየሁ እንዴት ብዬ ልንገረው?

«እታለም፣ ምነው?» አለ ካሳው።

«እንድሪስ ሊሞትብኝ ነው» አልኩት። «ዳልቻን ካልሸጥን መርፌ የለም። ላንተ ቃል ሰጥቻለሁ ብሎ እምቢ አለኝ። እንዳትነግሪው ብሎኝ ነው የነገርኩህ።»

ካሳው መጥረቢያውን አስቀመጠ። ጠርቦ ሊጨርስ ጥቂት የቀረውን ቀንበር አየው፤ ከዚያ ታንጉትን አያት። ታንጉት ወደ እኔ መጥታ ጀርባዬ ላይ ያዘልኳትን ሰይዳን ፈታችና በራሷ ጀርባ አዘለቻት። ከልክ በላይ ያለቀስኩት ያን ጊዜ ነው።

ካሳው ቤታችን ገብቶ እንድሪስን ሲያይ ደነገጠ፤ ግን አላሳየውም።

«አንተ እንድሪስ፣ ቃል የሰጠኝ ማን ነው?»

«እኔ ነኛ።»

«አንተ ከሞትክ ቃሉን ማን ይፈጽምልኛል? ተነስ።»

«ዝናቡስ?» አለ እንድሪስ።

«ዝናቡ ከመጣ በዶማ እቆፍራለሁ። አንተን ግን ቆፍሬ አላወጣህም።»

ሰው ፊት አልቅሶ የማያውቀው ባሌ እንባው በዚያ ባበጠ ጉንጩ ላይ መውረጃ አጥቶ ቆመ። ካሳው መልሱን ሳይጠብቅ ወጥቶ ዳልቻን ፈታው።

በደህናው ጊዜ የታመመ ሰው በቃሬዛ ነበር የሚወሰድ፤ ጎረምሶቹ እየተቀባበሉ፣ እየዘፈኑም ጭምር። ያኔ ግን ከራሱ ሌላ መሸከም የሚችል ጎረምሳ አልነበረም። ስለዚህ እንድሪስ ክንዱን ዳልቻ ሻኛ ላይ ጥሎ በሬውን ተደግፎ ሄደ። ካሳው ከፊት ይስባል፣ እኔ ከኋላ ወገቡን እይዛለሁ። ዳልቻ በሬ ቢሆንም የተሸከመውን ያወቀ ነበር የሚመስለው፤ ቀስ ብሎ ነው የሄደ። ሊያሳክመው የሚሸጠውን በሬ ተደግፎ እስከ ገበያ የሄደ ሰው ከእንድሪስ ሌላ አላየሁም።

መኪና መንገዱ ላይ ስንወጣ ከዋጃ በኩል የሚመጣው ሰው ብዙ ነበር። ወደ ቆቦ፣ ከዚያም ወደ ሮቢት የሚሄድ፤ መኪና ሲያይ እጁን የሚዘረጋ። ከግራር ሥር የተቀመጠች አንዲት ሴት ዳልቻን አይታ «በሬ ያለው ሰው!» አለች። ቀንታብን ነው። እንድሪስ ሊስቅ ሞክሮ ሳል አነቀው።

መርፌ ወጊው ከበደ ይባላል፤ ድሬሰር ነው። መንገዱ ዳር ባለች ቆርቆሮ ቤት መድኃኒት ይሸጣል፣ መርፌ ይወጋል። እንድሪስን ወንበር ላይ አስቀምጦ አገጩን ቀና ሲያደርገው ፊቱ ተለዋወጠ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«በቅርቡ ከብት ሞቶባችኋል?»

«ዘንድሮ ከብት ያልሞተበት አለ እንዴ?» አልኩት።

«ቆዳውን የተሸከመው እሱ ነው?»

«እሱ ነው።»

«ጣፊያው ምን ይመስል ነበር?»

ያ አባ ታሂር በአውራ ጣታቸው ገፍተው የጣሉት ነገር ፊቴ ላይ ድቅን አለ። «ትልቅ ነበር» አልኩ። «ጥቁር ነበር።»

«አባ ሰንጋ ነው» አለ ከበደ።

ስሙን የማያውቅ ራያ የለም። አባ ሰንጋ ከብቱን ሳይታመም አድሮ የሚደፋ፣ ከገፈፈውም ሰው ቆዳ በኩል የሚገባ በሽታ ነው። እናቴ በልጅነቴ አጎቴ በዚሁ መሞቱን ስትነግረኝ ኖራለች። ጣፊያው ያበጠ ከብት አይነካም፣ ከነቆዳው ይቀበራል፤ ይህን ከብት ጠባቂ ሁሉ ያውቃል።

«ታዲያ አታውቁትም?» አለ ከበደ። እንደ ቁጣ ነበር።

«እናውቀዋለን» አልኩት። «ረሃብ መስሎን ነው።»

ከበደ ደጃፉ ላይ የተኮለኮለውን ሰው አየ፣ ተመልሶ እንድሪስን አየ። «ቀደም ብሎ ቢመጣ በትንሽ መድኃኒት ይድን ነበር» አለ በመጨረሻ። «አሁን ጠዋት ማታ ነው የሚወጋው፤ ለብዙ ቀን። መድኃኒቱን እኔም ከደሴ ገዝቼ ነው የማመጣው፣ በነፃ ልስጣችሁ ብል ነገ ለሌላው የለኝም።» ይህን ሲል አንገቱን ደፋ። «የዛሬውን ልውጋው፤ በሬውን ሸጣችሁ ኑ።»

ሰውየውን አልተቀየምኩትም። ልቀየመው ፈልጌ ነበር፤ አልሆነልኝም።

ገበያው በከብት ተጨናንቋል፤ ሻጭ እንጂ ገዢ የለም። ጥቂት ነጋዴዎች የጭነት መኪና አቁመው አጥንታቸው ከወጣው መሃል የተሻሉትን እየመረጡ ይጭናሉ። አንዱ ዳልቻን ዙሪያውን ዞሮ ጎድኑን በዱላው ነካ ነካ አደረገና «ሥጋ የለውም፤ እኔ ቆዳውን ነው የምገዛ» አለ። ካሳው ያን ጊዜ የሰደበውን ስድብ እዚህ አልደግመውም። ተሳድቦ ሲጨርስ ግን ሌላ ገዢ አልነበረም፤ ዳልቻን በደህናው ጊዜ ሁለት ፍየል በማይገዛ ብር ሰጠነው። ዳልቻ መኪናው ላይ አልወጣም አለ። ቢመቱትም አልወጣም። ካሳው ራሱ ሄዶ ጆሮውን እያከከለት፣ «ና ልጄ፣ ና» እያለው አወጣው። ከዚያ ብሩን ሳይቆጥር እጄ ላይ አድርጎልኝ «አብሽሪ» ብሎኝ በእግሩ ተመለሰ። አብሽር፣ አይዞህ ማለት፣ የእኛ ቃል ነው፤ ካሳው የሚላት ሲጨንቀው ብቻ ነበር።

ቆቦ ውስጥ ኡሙሃኒ የምትባል የእንድሪስ አክስት ነበረች። አንዲት ክፍሏን ስደተኛ ዘመድ ሞልቶባት እኛን ጨመረች። እንድሪስን ግድግዳው ጥግ አስተኛነው። ጠዋት ጠዋትና ማታ ማታ ደግፌ ወደ ከበደ አደርሰዋለሁ፤ ከመቀነቴ ፈትቼ እከፍላለሁ።

«ዛሬ የወጋኝ ሻኛው ነው» ይላል እንድሪስ ሲመለስ። በማግስቱ «ዛሬ ደሞ ታፋው ነው። ጠንከር ያለ ነው፤ አረሰኝ።» በሬያችን እንዲህ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያለ ወደ ክንዱ ገባ። እኔ መቀነቴን በነካሁ ቁጥር ዳልቻ የቱ ጋ እንደደረሰ አውቅ ነበር።

እብጠቱ ጎደለ። አልዋሽም፣ ጎደለ። አንገቱ ከትከሻው ተለየ፤ አጥሚት በማንኪያ ዋጠ። ከበደ ራሱ ፈገግ አለ። ያን ቀን ገላዬን ታጠብኩ፣ ፀጉሬን ጎነጎንኩ። ኡሙሃኒ አይታኝ «ይሻለዋል ማለት ነው» አለች።

«ደመና አለ?» እያለ ይጠይቀኛል እንድሪስ።

«የለም።»

«ይመጣል። ሞራው ላይ አለ።»

ከዚያ በኋላ ትኩሳቱ ተመለሰበት። ላብ አጠመቀው፤ ዓይኑ እኔን አልፎ ሌላ ቦታ ያይ ጀመር። ከበደን ቤት ድረስ ይዤው መጣሁ። ልቡን አዳመጠ፣ ዓይኑን ገለጠ። «መርፌው ሥራውን ሠርቷል» አለ ወደ ውጭ ጠርቶኝ። «ቁስሉ ተሸንፏል። መርዙ ግን ቀድሞ ደሙ ውስጥ ገብቷል፤ ሰውነቱ ደግሞ በረሃብ አልቋል፣ የሚታገልበት ነገር የለው።» የዚያን ቀን መርፌ ሳያስከፍል ወጋው። ሐኪም በነፃ ሲወጋ ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ።

በማግስቱ ከእኩለ ቀኑ የዙሁር ሶላት በፊት እንድሪስ እጄን ያዘ።

«ዘሩ አለ?»

«አለ» አልኩት። ጎተራው ሥር በቅል የቀበርነውን ማሽላ ነው የሚለኝ።

«አትብሉት።»

«አንበላውም።»

አዛኑ ሲሰማ አልነበረም።

እኛ ዘንድ ሴት ቀብር አትሄድም። የመስጊዱ ሰዎች መጥተው አጠቡት። ከዳልቻ የቀረው ብር ከፈን ሆነ፤ ነጭ አቡጀዲ፣ ሌላ ትርፍ የለውም። ያን ቀን ከቆቦ የሚቀበረው እንድሪስ ብቻ አልነበረም። ቃሬዛው ወጥቶ ከሌሎቹ ቃሬዛዎች ጋር መንገዱን ሲይዝ ከበሩ ላይ ቆሜ አየሁ፤ ጥግ ሲዞሩ የትኛው የእኔ እንደሆነ ጠፋብኝ።

ቤቴ ስገባ የቦራ ቆዳ ግድግዳው ላይ ተወጥሮ ደርቆ ጠበቀኝ። ከበደ ሲሰናበተኝ አጥብቆ ነግሮኛል፤ ቆዳው፣ ቀንዱና አጥንቱ ጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር፣ ላዩ በእሾህ ይታጠር፣ ያን ቦታ እስከ ዘላለሙ ከብት አይጋጠው፤ በሽታው ከአፈሩ አይወጣም። እኔ ግን ቆሜ ሳየው አንድ ነጋዴ ደጃፉ ላይ ደረሰ። ቆዳ እየሰበሰበ ጎብዬ የሚወስድ ነው። ያን ዓመት ከብቱ ስለሚያልቅ የቆዳ ነጋዴ በየሰፈሩ ይዞር ነበር።

«ደህና ቆዳ ነው» አለ እያዳበሰ። ብር አሳየኝ። ለዳልቻ ከተሰጠን ብዙም አያንስም፤ ከቁሙ በሬ ይልቅ የሞተው ነበር የተፈለገ።

ሰይዳ አብራኝ በመጣችው ታንጉት ጀርባ ላይ ሆና ታየኛለች። ፊቷ ላይ የቀረው ዓይኗ ብቻ ነው። ያ ብር የእሷ እህል ነበር። እጄ አልተዘረጋም ብል ውሸት ነው፤ ተዘርግቷል። ከዚያ ሰውየው ቆዳውን አውርዶ አንገቱ ላይ ሊጥለው ሲል አየሁ። ልክ እንደዚያ ነበር እንድሪስ የተሸከመው።

«አስቀምጥ!» ብዬ ጮህኩበት። «አባ ሰንጋ ነው! ይሄን የሚሸከም ሁሉ ሚስት አለችው!»

ነጋዴው ቆዳውን ጥሎ እጁን በአፈር እየፈተገ ሸሸ። ካሳው ጩኸቴን ሰምቶ መጣ። በረጅም እንጨት እየገፋን ቆዳውንም አጥንቱንም ማሳችን ጠርዝ ላይ ቀበርነው። ደክሞን ስለነበር ጉድጓዱን መቆፈር ቀኑን ፈጀ። ላዩን በግራር እሾህ አጠርነው።

ዝናቡ በሐምሌ ገባ። አባ ታሂር እንዳሉት፣ ሲበቃን ገባ። ተሌ የምንለው ደራሽ ጎርፍ ከተራራው እየደፈረሰ ወርዶ ማሳው ላይ ተኛ። እሳቸውም ለለቅሶ መጡ። መንገድ አድክሟቸው በከዘራ ነበር የሚሄዱት፤ የእሳቸውም ቤት ሰው ሞቷል። ተቀምጠው ዱዓ ካደረጉ በኋላ «አየሽ ልጄ፣ ሞራው እኮ አልዋሸም» አሉ።

ሽማግሌ ነበሩ፤ ዝም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

«ሞራውንስ አይታችኋል፣ አባ» አልኳቸው። «ጣፊያውን ማን አየው?»

አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ወዲህ ሰው ከብት ባረደ ቁጥር እሳቸው መጀመሪያ የሚያነሱት ጣፊያውን ነው አሉ። ለእኔ ምን ሊረባኝ?

ዘሩን አልበላነውም። መጋል ብቻውን ቀንበር ስለማይጎትት ካሳው እንዳለው በዶማ ቆፈረ። ታንጉትና እኔ ከኋላው እየተከተልን ማሽላውን ጣልን። ከማሳው እሩቡን እንኳ አላዳረስንም። ቀሪው መሬት እርጥብ ሆኖ፣ ለስልሶ፣ ዓይናችን እያየ ዳዋ ዋጠው። በዚያች እሩብ ማሳ ሁለት ቤት ከረመ፤ ከታንጉት ልጆች ትንሹ አልከረመም።

ሳሩ ቀድሞ የበቀለው ግን እዚያ ቦራ የተቀበረበት ላይ ነበር። ለምለም፣ ወፍራም፣ በአካባቢው ያልታየ ሳር። መጋል በማለዳ ሲለቀቅ የሚሮጠው ወደዚያ ነው። ለሁለት ቤት የቀረው አንድ በሬ ነው፤ አገሩ ላይ ያለው ጥሩ ሳር ያ ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ ድንጋይ ይዤ ቆሜ አባርረዋለሁ። እሾሁ በክረምት ይበሰብሳል፤ በየዓመቱ አዲስ ግራር ቆርጬ አጥራለሁ። እጄ ሲጫር ሁልጊዜ እደነግጣለሁ።

ሰይዳ ካደገች በኋላ አንድ ቀን «አባዬ የት ነው የተቀበረ?» አለችኝ። ይዣት ቆቦ ሄድኩ። ኡሙሃኒ ሞታለች። የመስጊዱን ሰዎች ብጠይቅ የዚያ ዓመት ሰው የተቀበረበትን ሜዳ በእጃቸው አሳዩኝ። ሰፊ ነው። ጉብታዎቹን ዝናብ አጥቧቸው ከመሬቱ ጋር ተካክለዋል። ሰይዳ እየዞረች «ይሄ ነው? ይሄ ነው?» ትለኛለች። የትኛውን ልበላት?

ስንመለስ ማሳችን ጠርዝ ላይ ሁለት መንገደኞች ቆመው አየን። ሰይዳ ካደገች ወዲህ አልፎ አልፎ አዳዲስ ሰዎች በሰፈራችን ያልፉ ነበር። የእሾሁን አጥር፣ ውስጡ ማንም ያልነካውን ሳር አይተው ጫማቸውን አውልቀዋል። እጃቸውንም ዘርግተዋል።

«የየትኛው ወልይ ቀብር ነው?» አለኝ አንደኛው።

የበሬ ነው ልለው አፌን ከፈትኩ። ስድብም ጨምሬበት ነበር የምለው። ግን ሰይዳ ከጎኔ ተለይታ አጥሩ ጋ ቆማለች፤ እሷም መዳፎቿን ዘርግታለች። «ያ ረቢ፣ አባቴን ማርልኝ» ትላለች፣ ዓይኗን ጨፍና።

አጠገቧ ሄጄ ቆምኩና «አሚን» አልኩ። ከዚያ የዓመቱን እሾህ መጨመር ጀመርኩ፤ የካሳው በሬ ተለቆ እየመጣ ነበር።